ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በአነስተኛ በጀት ኮምፒውተር መገጣጠም፦ እርስ በርስ የሚስማሙ ዕቃዎች አመራረጥ

ኮምፒውተር መገጣጠም ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ገንዘብ የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው የዕቃ ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው አልገጥም ያለውን ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይዞ በታክሲ ሄዶ ይቀይራል። ደሴ ያለ ሰው ግን ዕቃው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተመልሶ እንዲሄድና እንደገና እንዲመጣ መክፈል አለበት፤ ያውም ሻጩ ለመቀየር ከፈቀደ ነው። ስለዚህ እዚህ ሆኖ የሚገጣጥም ሰው አንድ ብር ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በሞዴል ቁጥሩ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) እና ራም እንደ አንድ ግዢ ነው የሚታሰቡት። አንዱ ሌላውን ይወስናል። ዛሬ ርካሽ ፕሮሰሰር ተገኘ ብሎ መግዛት፣ ማዘርቦርዱን ለሚቀጥለው ወር ማቆየት በጣም የተለመደ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሥራ ፈት ፕሮሰሰር ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልሞላ መጀመሪያ ኬዙን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሞኒተሩንና ኤስኤስዲውን (ፈጣን ማከማቻ ዲስኩን) ግዙ። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ራሙን፣ ሦስቱን፣ ግን ባንድ ቀን፣ ቢቻል ከአንድ ሻጭ።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አንጠቅስም። ድርሻውን ግን መናገር ይቻላል፦ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሞኒተሩን ሳይጨምር ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ወይም ትንሽ ከፍ ያለው ለሦስቱ ይውላል። ፓወር ሰፕላይ ከአስር እጅ አንድ እጅ ካልደረሰው አንድ ነገር ተሳስቷል።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ለዩ

ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለፒችትሪ (የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም) እና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ አዲስ ከመገጣጠም ይልቅ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ማለትም ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ፕሮዴስክ፣ ብትገዙ ይሻላችኋል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚያ ዋጋ ከዚያ የተሻለ መገጣጠም አይቻልም። ጉዳቱ በኋላ ለማሳደግ ስትሞክሩ ይመጣል። ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ ኃይል የሚቀበለው በተለመደው ባለ24 ፒን ኬብል አይደለም፤ የራሱ ባለ8 ፒን ነው። ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ ቀን ከሱቅ የምታገኙት ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም፣ አስማሚ ኬብል መፈለግ ግድ ይሆናል። ቀጭኑ ኬዝ ደግሞ የሚያስገባው ቁመቱ አጭር የሆነ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር፣ አውቶካድ የሚከፍት ተማሪ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚቆርጥ ስቱዲዮ፣ ወይም ጌም የሚፈልግ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን መገጣጠም ያዋጣዋል፤ ነገ ሌላ ራም፣ ከነገ ወዲያ ካርድ መጨመር ይችላልና።

ደረጃ 2፦ ፕሮሰሰር

ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሶኬቱ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ዓይነት) ምንድን ነው? ምስል ያወጣል ወይ?

በኢንቴል በኩል ገበያው ላይ የሚገኙት ሶኬቶች እነዚህ ናቸው። ኤልጂኤ 1155 ለ2ኛና ለ3ኛ ትውልድ፣ ኤልጂኤ 1150 ለ4ኛ ትውልድ ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በዲዲአር3 ራም ነው፤ ዛሬ አዲስ ብር አታፍስሱባቸው። ኤልጂኤ 1151 ከ6ኛ እስከ 9ኛ ትውልድ ይይዛል፣ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። 6ኛና 7ኛ ትውልድ የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ በሆነው 100 እና 200 ተከታታይ ቺፕሴት ላይ (እንደ ኤች110፣ ቢ250) ይሠራሉ፤ 8ኛና 9ኛ ደግሞ 300 ተከታታይ ላይ (እንደ ኤች310፣ ቢ360፣ ቢ365)። ፒኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይ5-8400 በኤች110 ማዘርቦርድ ላይ ቁጭ ይላል፣ ክዳኑም ይዘጋል፣ ግን አይነሳም። ሻጩ «ያው 1151 ነው» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ግን በቂ አይደለም። ኤልጂኤ 1200 ለ10ኛና ለ11ኛ ነው፤ እዚህም ኤች410 እና ቢ460 የተሠሩት ለ10ኛው ነው፣ 11ኛውን አብዛኞቹ አይቀበሉም። ኤልጂኤ 1700 ለ12ኛ፣ ለ13ኛና ለ14ኛ ነው።

በኤኤምዲ በኩል ለአነስተኛ በጀት ዋናው ሶኬት ኤኤም4 ነው። ኤኤም5 የሚሠራው በዲዲአር5 ብቻ ስለሆነ ማዘርቦርዱም ራሙም ይወደዳል፤ በዚህ በጀት እንድትነኩት አንመክርም።

ምስል የማውጣቱ ጉዳይ በስሙ መጨረሻ ላይ ይታወቃል። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ያለበት፣ እንደ አይ3-12100ኤፍ፣ የውስጥ ግራፊክስ የለውም። ኤኤም4 ላይ ደግሞ ግራፊክስ ያላቸው «ጂ» ያለባቸው ናቸው፦ 3200ጂ፣ 3400ጂ፣ 5600ጂ። ራይዘን 5 3600፣ 4500፣ 5500፣ 5600 የላቸውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አያታልላችሁ፤ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው ያ ቀዳዳ ባዶ ነው። «ኤፍ» ያለበት በርካሽ የሚገኘውም ካርድ መግዛት ግዴታ ስለሚያደርግ ነው።

ዊንዶውስን አትርሱ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። በኤኤምዲ በኩል ወጥመድ አለ፦ ራይዘን 3 2200ጂ እና ራይዘን 5 2400ጂ የ2000 ተከታታይ ስም ቢኖራቸውም ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ 3200ጂ ግን አለ። ጥቂት ብር ጨምራችሁ 3200ጂ ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ማዘርቦርድ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

የማዘርቦርዱ ሙሉ ስም ቦርዱ ላይ ታትሟል፣ ብዙውን ጊዜ በራሙና በካርዱ ማስገቢያ መካከል። ሻጩን የዚያን ጽሑፍ ጥርት ያለ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁ። «ጊጋባይት ቢ450 ነው» የሚል መልስ አይበቃም፤ ጊጋባይት ብቻ ብዙ ዓይነት ቢ450 ሠርቷል። ጥግ ላይ ያለውን የሪቪዥን ቁጥርም፣ እንደ 1.0 ወይም 1.2 ያለውን፣ ያዙ። ከዚያ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ በዚያ ስም ገብታችሁ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ክፈቱ። የመረጣችሁት ፕሮሰሰር ስም አጠገብ የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ሶፍትዌር) ቁጥር ተጽፏል፤ ይህ ማለት ቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ያ ወይም ከዚያ የበለጠ አዲስ ካልሆነ ኮምፒውተሩ አይነሳም ማለት ነው።

ኤኤም4 ላይ ይህ ነገር የዕለት ተዕለት ችግር ነው። ኤ320 እና ቢ450 ቦርዶች የወጡት ከራይዘን 5000 በፊት ነው። 5600ጂ ስትጭኑባቸው ባዮሱ ካልታደሰ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ ያንን የሚያውሳችሁ ሱቅ ላታገኙ ትችላላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመላኩ በፊት ሻጩ ራሱ ፕሮሰሰሩን ጭኖ የባዮሱን ገጽ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ሦስቱን ከአንድ ሰው ግዙ ያልነው ለዚህም ነው።

ተቃራኒው ወጥመድ ብዙም አይወራም። ኤ520 እና ቢ550 አዳዲስ ናቸው፣ ሆኖም 3200ጂ እና 3400ጂ አይቀበሉም። «አዲስ ቦርድ አሮጌውን ሁሉ ይችላል» ብላችሁ 3200ጂ ከኤ520 ጋር እንዳትገዙ። 3200ጂ ከሆነ ኤ320 ወይም ቢ450፤ 5600ጂ ከሆነ ኤ520 ይስማማል፣ የባዮሱን ቁጥር ግን እዚያም እዩ።

ኤልጂኤ 1700 ላይ ኤች610 ቦርድ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፦ አንዱ ለዲዲአር4፣ ሌላው ለዲዲአር5። ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚቀበል ተራ ቦርድ የለም ብላችሁ ያዙ። ስሙ ላይ «ዲ4» ወይም «ዲዲአር4» መኖሩን ፈልጉ።

ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ የኢንቴል ሶኬት ውስጥ ያሉትን ፒኖች በስልክ መብራት ከጎን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። ጤነኛ ከሆነ ረድፉ ሁሉ ባንድ አቅጣጫ ያብረቀርቃል፤ የተጣመመ ፒን ካለ እዚያ ቦታ ላይ ብርሃኑ ይሰበራል። አንድ ፒን መጣመም ግማሹን ራም ሊያሳጣችሁ ይችላል። ኤኤም4 ላይ ፒኑ ያለው ፕሮሰሰሩ ሥር ነው፤ ፕሮሰሰሩን ገልብጣችሁ እዩ፣ ፒኖቹን ግን በጣት አትንኩ።

ደረጃ 4፦ ራም

ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጥርሱ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል። አልገባ ካለ አትጫኑት። የላፕቶፕ ራም ደግሞ ርዝመቱ ግማሽ ነው፣ ዴስክቶፕ ላይ አይሆንም። ከሰርቨር የወጣ ራም በርካሽ ይመጣል፤ ተለጣፊው ላይ ከፍጥነቱ ቀጥሎ «አር» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለበት ተራ ቦርድ አይነሳበትም። «ዩ» ያለበትን ነው የምትፈልጉት።

መጠኑን በተመለከተ 8 ጊጋ ለጽሕፈት ሥራ ይበቃል፣ ለአውቶካድና ለቪዲዮ 16 ጊጋ። አንድ ባለ16 ከመግዛት ሁለት ባለ8 ይሻላል፣ በተለይ የውስጥ ግራፊክስ ለምትጠቀሙ። የውስጥ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ራሙን ይጋራል፤ ሁለት ራም ሲኖር መንገዱ በእጥፍ ይሰፋለታል። 5600ጂ ላይ አንድ ራም ብቻ መሰካት የከፈላችሁበትን ጉልበት መጣል ነው። ባለአራት ማስገቢያ ቦርድ ላይ ሁለቱን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኩ።

ፍጥነቱ ከቦርዱ በላይ ቢሆን ጉዳት የለውም፣ ዝቅ ብሎ ይሠራል። አይ3-10100 እና ኤች410 ላይ 3200 የተጻፈበት ራም በ2666 ይሄዳል፤ ለ3200 ተጨማሪ አትክፈሉ። ራይዘን ላይ ግን 3200 ትርጉም አለው፤ ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር፣ ካላበራችሁ በ2133 ወይም በ2400 ተኝቶ ይቀራል።

ደረጃ 5፦ ኤስኤስዲ

ዊንዶውስ ሃርድ ዲስክ ላይ አትጫኑ። 240 ወይም 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ለሲስተሙ፣ አስፈላጊ ከሆነ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ለፋይል ማከማቻ።

የመጣጣም ጥያቄ የሚነሳው ኤም.2 በሚባለው፣ ማስቲካ በሚመስለው ላይ ነው። አንድ ቅርጽ ነው፣ ሁለት ዓይነት። ሳታ ኤም.2 ጥርሱ ላይ በአብዛኛው ሁለት ቁርጥ አለው፤ ኤንቪኤምኢ በአብዛኛው አንድ። አንዳንድ ቦርድ አንዱን ብቻ ይቀበላል፣ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ቦርዱ ኤም.2 ከሌለው ወይም ከተጠራጠራችሁ ባለ2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ውሰዱ፤ ሁሉም ቦታ ይሠራል። በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ ኤንቪኤምኢ ከዚያ ብዙ እጥፍ፤ በዕለታዊ ሥራ ግን ልዩነቱ ቁጥሩ የሚለውን ያህል አይሰማም።

ያገለገለ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ላይ ጤንነቱንና የሠራበትን ሰዓት አሳዩኝ በሉ። ቢጫ ካሳየ ተዉት።

ደረጃ 6፦ ፓወር ሰፕላይና መብራት

በዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ ዕቃ የሚገድለው መብራት ነው፤ ስለዚህ ቁጠባው እዚህ ላይ መሆን የለበትም።

ፓወር ሰፕላይ ሳጥን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። የ12 ቮልት መስመር ስንት አምፕ ይሰጣል? ያንን በ12 አባዙት። ፕሮሰሰርም ግራፊክስ ካርድም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። ሳጥኑ ላይ «500 ዋት» ተብሎ ሠንጠረዡ ላይ 18 አምፕ ካለ፣ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ነው፤ የእውነት አቅሙ ያ ነው። ጥሩ ባለ450 ዋት ላይ 12 ቮልቱ ከ33 አምፕ በላይ ታያላችሁ። ኬዝ ሲገዙ በነፃ የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ክብደቱም ይናገራል፦ በእጅ ሲያነሱት ቆርቆሮ ብቻ የሚመስል ከሆነ ውስጡ የሚፈለገው ነገር የለም።

ምን ያህል ያስፈልጋል? 5600ጂ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 88 ዋት ያህል፣ ቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና ፋኖቹ 50 ዋት ያህል ይወስዳሉ፤ ድምሩ ከ150 አያልፍም። ጂቲኤክስ 1650 ስትጨምሩ 75 ዋት ይጨመራል። ስለዚህ እውነተኛ 400 ወይም 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። የሐሰት 700 ከእውነተኛ 400 አይሻልም። 80 ፕላስ የሚል የኃይል ብቃት ምልክት ያለውን አስቀድሙ።

ከአሜሪካ የመጣ ወይም አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ማብሪያው 115 ላይ ሆኖ ከሰካችሁት በቅጽበት ይፈነዳል፣ ቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ግድግዳው ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ይህን እዩ። ማብሪያ የሌላቸውን ስትመርጡ ደግሞ መግቢያው «100-240 ቮልት» የሚል ከ«200-240» ይመረጣል። ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያበራ፣ ቮልቱ ሲወርድ ሁለተኛው ይጠፋል፣ የመጀመሪያው ግን ችሎ ይሠራል።

ኬብሎቹን ቁጠሩ፦ ባለ24 ፒን ለቦርዱ፣ ባለ4 ወይም 4+4 ለፕሮሰሰሩ፣ ካርድ ካለ ባለ6+2። የፕሮሰሰሩ 4+4 እና የካርዱ 6+2 ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የሽቦው አቀማመጥ ግን ተቃራኒ ነው፤ ጉልበት ተጠቅማችሁ አንዱን በሌላው ቦታ አታስገቡ። ኬብሉ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ከሌላ ሞዴል የተረፈ ኬብል በፍጹም አትጠቀሙ። ጫፉ ይገጥማል፤ ውስጡ ያለው የሽቦ ቅደም ተከተል ግን ስለሚለያይ ሃርድ ዲስኩን ሊያቃጥል ይችላል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራው) የበጀቱ አካል ነው። ባለ650 ቪኤ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተርና ለአንድ ሞኒተር ሥራ አስቀምጦ ለመዝጋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣል፤ መብራት እስኪመጣ ያሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስና አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ አይግባቡም፤ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ባለበት ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ እየሠራ የዩፒኤሱን ስፒና ነቅላችሁ ሞክሩ። መብራት ሄዶ ተመልሶ በሚመጣበት ቅጽበት የሚመጣው ግፊት አደገኛ ስለሆነ፣ ዩፒኤስ መግዛት ያልቻለ ሰው መብራት እንደሄደ ዲቫይደሩን ይንቀል፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

ኬዙን ስትነኩ ትንሽ የሚነዝር ከሆነ የቤቱ ኧርዝ አልተዘረጋም ማለት ነው። ልማድ ሆኖ ብዙ ቤት ይታለፋል። ፓወር ሰፕላዩን ከመቀየር በፊት ኤሌክትሪሺያን ኧርዙን ይይላችሁ።

ደረጃ 7፦ ግራፊክስ ካርድ፣ ካስፈለገ

ማስገቢያው ራሱ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ብዙዎቹ ጂቲኤክስ 1650 በዚያ ይሠራሉ፣ ተጨማሪ ኬብል አይጠይቁም፤ ለአነስተኛ ፓወር ሰፕላይ እነዚህ ናቸው የሚስማሙት። አርኤክስ 580 ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን 185 ዋት ያህል ይበላል፣ ብዙዎቹም ክሪፕቶ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ጂቲ 1030 ስትገዙ ጂዲዲአር5 የሚለውን ምረጡ፤ ዲዲአር4 የሚለው በግልጽ ይደክማል።

የሐሰት ካርድ አለ። ከ2011 የመጣ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል። ከጀርባው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ቪጂኤ የሚያወጣ አካል የለውም። ለማረጋገጥ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን የካርድ መመርመሪያ ፕሮግራም ክፈቱ፣ እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ሼደር አለው።

ከዚሁ ጋር ሞኒተሩን አስቡ። ያገለገሉ ሞኒተሮች ብዙዎቹ ቪጂኤ ብቻ ናቸው። ካርዱ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ተራ ኬብል አይሠራም፣ ውስጡ መቀየሪያ ቺፕ ያለው አስማሚ ግዙ።

ደረጃ 8፦ ኬዝና ማቀዝቀዣ

የቦርዱ መጠን ከኬዙ ጋር ይሂድ። ማይክሮ ኤቲኤክስ 24.4 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትልቅ ኬዝ ውስጥም ይገባል። ያገለገለ የኤችፒ ወይም የዴል ኬዝ ለማዳን አትሞክሩ፣ የፊት ማብሪያው ኬብል የራሱ ነው። ካርድ ካለ ርዝመቱን በሜትር ለኩ።

ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከኤልጂኤ 1155 እስከ 1200 ቀዳዳው አንድ ነው፣ 1700 ግን ሰፍቷል፤ የድሮው ኩለር አይገጥምም። የኢንቴልን ኩለር ስትጭኑ አራቱም እግሮች ከቦርዱ ጀርባ ወጥተው መታየት አለባቸው። አንዱ ካልወጣ ፕሮሰሰሩ ወዲያው ይግላል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ፋን የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ብርዱ ግን ያካክሰዋል፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ኩለር ይበቃል። ሃርድ ዲስክ የገዛችሁም አትጨነቁ፣ የብዙዎቹ የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ አየሩ አሁንም ስስ ነው፣ ሙቀትና አቧራ ይጨመርበታል። እዚያ ፊት ለፊቱ ወንፊት ያለው ኬዝና ቢያንስ ሁለት ፋን፣ አንዱ ከፊት የሚያስገባ፣ አንዱ ከኋላ የሚያወጣ፣ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩንም ወለል ላይ አታስቀምጡ።

ሁለት የተረጋገጡ ጥንቅሮች

ለተማሪና ለቢሮ፦ አይ3-10100፣ ኤች410 ቦርድ፣ ሁለት ባለ4 ወይም ባለ8 ጊጋ ዲዲአር4፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ እውነተኛ 400 ዋት። ምስል ራሱ ያወጣል፣ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል፤ ባዮስ ውስጥ ፒቲቲ የሚለውን፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የደህንነት ቅንብር፣ ማብራት አትርሱ።

ለአውቶካድ፣ ለቀላል ቪዲዮና ለጌም፦ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ኤ520 ቦርድ፣ ሁለት ባለ8 ጊጋ ዲዲአር4 3200፣ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ፣ 450 ዋት። በኋላ ካርድ ስትጨምሩ ሌላ ነገር መቀየር አያስፈልጋችሁም። ገንዘቡ ከፈቀደ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ከመክፈል በፊትና ከደረሰ በኋላ

ከአዲስ አበባ የምታዙ ከሆነ የእያንዳንዱን ዕቃ ተለጣፊ ፎቶ፣ ተሰክቶ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ እና ካልሠራ በስንት ቀን እንደሚቀየር በጽሑፍ ያዙ። ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ ተጭኖ ይላክ፤ ሶኬቱ ባዶ ሆኖ በመኪና መንገድ ከሚመጣ ይሻላል። ትልቅ ኩለር ግን ተነቅሎ ለብቻ ይታሸግ፣ ሲንገጫገጭ ቦርዱን ይሰነጥቃል።

ሲደርስ ወዲያው ኬዝ ውስጥ አታስገቡ። የቦርዱን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ኩለሩን፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አገናኙ፤ የማብሪያውን ሁለት ፒን በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አነካኩ። ባዮስ ከመጣ ሌላውን ጨምሩ። ሜምቴስት86 የሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም አንድ ሙሉ ዙር ይሂድ፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙ ይመለስ።

ፋን እየዞረ ምስል ከሌለ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። የፕሮሰሰሩ ባለ4 ወይም ባለ8 ፒን ኬብል ተሰክቷል? ከሁሉ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው። የሞኒተሩ ኬብል ካርድ እያለ ቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይሆን? ራሙን አውጡ፣ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ አሻሹ፣ በሌላ ማስገቢያ ሞክሩ። መብራቱን ነቅላችሁ ክብ ባትሪውን ለአምስት ደቂቃ አውጡና መልሱ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ባዮሱ ቁጥር ተመለሱ፤ ሻጩ የላከውን ቪዲዮ ከፍታችሁ ያን ጊዜ የታየው ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ይስማማ እንደሆነ እዩ። ኬዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ እንቢ ካለ ደግሞ ቦርዱን አውጡና ከሥሩ ያሉትን የነሐስ እግሮች ቁጠሩ፦ ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገናኝ ትርፍ እግር ካለ ቦርዱን ከጀርባው ሾርት እያደረገው ነውና ንቀሉት።